ካርዲዮ ጡንቻ ይበላል? 120 ኪሎ ስኳት የምሠራ ሰውዬ ጀሪካን ይዤ 3ኛ ፎቅ ላይ ቆምኩ

የጀሞው ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ብረት መግፋት ከጀመርኩ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነኝ። ክብደቴ 81 ኪሎ ነው። ስኳት (የብረት ባር ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) 120፣ ቤንች (ተንጋሎ ወደ ላይ መግፋት) 90፣ ዴድሊፍት (ከመሬት ማንሳት) 150 ኪሎ ደርሻለሁ። በሳምንት 4 ቀን እሠራለሁ። ካርዲዮ፣ ማለትም እንደ ሩጫና ፈጣን እርምጃ ልብና ትንፋሽ የሚያሠራው፣ ግን ዜሮ። መጀመሪያ የገባሁበት ጂም አሰልጣኝ «ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ እንዳላይህ፣ የገነባኸውን ይበላብሃል» ብሎኝ ነበር። እኔም አመንኩ። እውነቱን ለመናገር ማመን ፈልጌም ነበር። ሩጫ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አይሆንልኝም።

ባለፈው ሳምንት ኮንዶሚኒየማችን ውሃ ለ5 ቀን ጠፋ። እኛ 4ኛ ፎቅ ነን። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ታች ቦቴ ሲመጣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሞልቼ ተነሳሁ። 40 ኪሎ ማለት ነው። 40 ኪሎ ለእኔ ማሟሟቂያ ነው ብዬ ሳላርፍ ልወጣ አሰብኩ። 3ኛ ፎቅ ላይ ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ጀሪካኑን አስቀምጬ ግድግዳ ተደገፍኩ። በዚህ መሀል ወደ 60 የሚጠጉ ጎረቤታችን አንድ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው መጡ። «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀስ በል» ብለውኝ አለፉ። ጂም እንደምሠራ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፣ ትንፋሽ አጣሁ።

እና ጥያቄዬ ይኸው። ካርዲዮ ብጀምር በእርግጥ ጡንቻ አጣለሁ? ስንት ቀን ይሁን? ከብረት በፊት ነው በኋላ? ከሩጫ ሌላስ ምን አለ?


ብረት ገፊ

አሰልጣኝህ አልዋሸህም። ከ3 ዓመት በፊት ለሰውነት ግንባታ ውድድር ስዘጋጅ በቀን ሁለቴ ካርዲዮ ሠርቻለሁ። ጠዋት በባዶ ሆድ 1 ሰዓት፣ ማታ 40 ደቂቃ። በ10 ሳምንት 11 ኪሎ ወረድኩ። ቦርጩ ጠፋ፣ ትከሻዬም አብሮት ጠፋ። ቤንች ከ130 ወደ 105 ወረደ። መስታወት ፊት ስቆም ታናሽ ወንድሜን ነው ያየሁት። ይህ በራሴ የደረሰ ነው፣ ከኢንተርኔት ያነበብኩት አይደለም።

ደረጃ መውጣት ካቃተህ ደረጃ ውጣ። በካርዲዮ ሰበብ ግን የለፋህበትን አታፍርስ።


ጠዋት 12

«ቀስ በል» ገደለኝ 😂 እናትየው እኮ ውሃ በጠፋ ቁጥር ሲያመላልሱ ዓመታቸው ነው። አንተ ገና የመጀመሪያ ቀንህ።


ሶምሶማ

ለብረት ገፊ፦ በቀን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ካርዲዮ! ምን እየበላህ ነበር?


ብረት ገፊ

1,600 ካሎሪ አካባቢ። የዶሮ ሥጋ፣ የእንቁላል ነጩን ብቻ፣ ጎመን።


ሶምሶማ

95 ኪሎ የሚሆን ሰው፣ ብረት እየገፋ፣ ያን ሁሉ ካርዲዮ እየሠራ፣ በ1,600? ወንድሜ፣ ጡንቻህን የበላው ረሃብ ነው። ትሬድሚሉ በሐሰት ተከሰሰ።


ፊዚዮ ነኝ

ሙያዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፣ ብረትም እገፋለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ስድብ እቀበላለሁ።

ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ሮበርት ሂክሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር። ራሱ ብረት የሚያነሳ ሰው ነው። ሊሠራ የሄደበት ላብራቶሪ ኃላፊ ጆን ሆሎዚ ደግሞ ሩጫ ወዳድ ነበር። ሂክሰን ከአለቃው ጋር መሮጥ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ጉልበቱም ጡንቻውም ሲቀንስ አየ። ነገሩ ከነከነው። በኋላ የራሱን ጥናት ሠራና በ1980 አሳተመ።

ሦስት ቡድን ነበሩ። አንዱ በሳምንት 5 ቀን ብረት ብቻ። ሁለተኛው 6 ቀን ሩጫና ብስክሌት ብቻ። ሦስተኛው ሁለቱንም በአንድ ላይ። ለ10 ሳምንት። ብረት ብቻ የሠሩት የእግራቸው ጉልበት እስከ መጨረሻው ጨመረ። ሁለቱንም የሠሩት እስከ 7ኛው ሳምንት አካባቢ እኩል ሲሄዱ ቆዩና ቀጥ አሉ። በመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ጭራሽ ወረዱ።

አሁን ቁጥሩን ቁጠሩት። 5 እና 6፣ በሳምንት 11 ልምምድ። ካርዲዮው ደግሞ ሻይ እየጠጡ የሚሠሩት ዓይነት አይደለም። ሦስቱን ቀን ብስክሌት ላይ አቅም እስኪሟጠጥ፣ ሦስቱን ቀን እስከ 40 ደቂቃ የቻሉትን ያህል በፍጥነት መሮጥ ነው። እዚህ እንዲህ የሚሠራ ካለ እጁን ያውጣ። እሱም ሆኖ 7 ሳምንት ሙሉ ምንም አልሆኑም።

ከዚያ ወዲህ ሴል ውስጥ ተገብቶ ተጠንቷል። ኤኤምፒኬ የሚባል ኤንዛይም አለ፣ ጉልበት ሲያጥር ይነቃል። ኤምቶር የሚባለው ደግሞ የጡንቻ ግንባታውን ያዛል። የመጀመሪያው ሲነቃ ሁለተኛውን ያፍነዋል። የቤት ቀለብ ሲያልቅ የግንባታ ሠራተኛ እንደማሰናበት ቁጠሩት። ይህን ያነበበ ሁሉ «ይኸው ተረጋገጠ!» አለ። ግን በሙሉ ሰው ላይ ሲታይ ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። በ2012 በርካታ ጥናቶችን ሰብስቦ የመዘነ አንድ ትንተና ሩጫ ከብስክሌት የበለጠ እንደሚጎዳ አሳየ። ካርዲዮው በበዛና በረዘመ ቁጥርም ጉዳቱ ይጨምራል። በ2022 የወጣ ሌላ ትልቅ ትንተና ደግሞ ሁለቱን አብሮ መሥራት የጡንቻን መጠንም ሆነ ከፍተኛውን ጉልበት እንደማይጎዳ አገኘ። ትንሽ የሚቀንሰው የፍንዳታ ጉልበት ነው፣ ማለትም መዝለልና በፍጥነት መነሳት። እሱም በተለይ ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሲሠሩ።

አንተ የኦሎምፒክ ክብደት አንሺ አይደለህም። ውሃ ነው የምታመላልሰው።


የጀሞው ልጅ

ፊዚዮ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ግን ትንሽ አመመችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሴቶች መሀል 4 ደቂቃ፣ አንዳንዴም 5 ነው የማርፈው። ስኳት 8 ጊዜ ወርጄ ስነሳ ቶሎ አይመለስልኝም። ይህም ከዚህ ጋር ይያያዛል?


እማማ ስኳት

«በሴቶች መሀል 4 ደቂቃ አርፋለሁ» 😂😂 ወንድሜ፣ «ዙር» በል፣ ሰው ይታዘብሃል።


የጀሞው ልጅ

ዙር! ዙር! በዙሮች መሀል!


ፊዚዮ ነኝ

አዎ፣ በደንብ ይያያዛል። ከባድ ክብደት ስታነሳ ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንድ ገደማ ጡንቻህ የሚጠቀመው እዚያው ያጠራቀመውን ነው፣ ፎስፎክሬቲን ይባላል። ኦክስጅን አያስፈልገውም። ጎተራው ባዶ ሲሆን መልሶ የሚሞላው ግን በኦክስጅን ነው። ልብና ሳንባህ የሰነፉ ከሆነ ጎተራው ቀስ ብሎ ይሞላል። ስለዚህ ካርዲዮ የሌለው ብረት ገፊ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሠራው ዙር ያንሳል። ትንፋሽህ ሲሻሻል በዚያው ሰዓት ብዙ ትሠራለህ። ጡንቻ የሚገነባው ደግሞ ያ ብዛት ነው።

«ጡንቻ ይበላል» ከሚለው ይልቅ ይህን የሚነግረን አሰልጣኝ ቢኖር።


እማማ ስኳት

ከወንዶቹ በተቃራኒ ያለውን ልንገራችሁ። እኔ ጂም ስገባ ማንም «ካርዲዮ ተዪ» አላለኝም። ገና በር ላይ ወደ ትሬድሚል ነው የተመራሁት። 8 ወር ሙሉ በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 45 ደቂቃ ሄድኩ። 6 ኪሎ ወረድኩ። ከዚያ ቆመ። ወገቤ ያምመኛል፣ ልጄን አቅፌ ደረጃ መውጣት አልችልም። ዳምቤል (የእጅ ብረት) ላነሳ ስል አሰልጣኙ «ወንድ ትመስያለሽ» አለኝ። 34 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፣ ወንድ ለመምሰል ጊዜው አልፏል።

ጂም ቀየርኩ። አሁን 3 ቀን ብረት፣ 2 ቀን ፈጣን እርምጃ። ስኳት 70 ኪሎ ደርሻለሁ። ክብደቴ ከበፊቱ 2 ኪሎ ጨምሯል፣ ቀሚሴ ግን ሰፍቶኛል። ስለዚህ እናንተ «ጡንቻ ይበላል» እያላችሁ ስትሸሹ እኛን እዚያው ማሽን ላይ ረስታችሁናል።


ሶምሶማ

እህቴ ልክ ነሽ። እኔም የማየው ይህንኑ ነው። ትሬድሚሉ በኩል ሴቶች፣ ብረቱ በኩል ወንዶች። ሠርግ ቤት ይመስላል።


ዱባይ ነኝ

ከዱባይ ነው የምጽፈው። ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። እዚህ በነሐሴ ውጭ መሮጥ የማይታሰብ ነው፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ካርዲዮዬ ሁሉ ትሬድሚል ነው። 5 ኪሎ ሜትር በ28 ደቂቃ እሮጣለሁ፣ ብረትም 3 ቀን።

ባለፈው ለእረፍት አዲስ አበባ መጣሁ። ጎበዝ ነኝ ብዬ በሦስተኛው ቀን ከእህቴ ጋር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ሩጫ አላልኩም፣ እርምጃ ነው ያልኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ እኮ ስፖርት የሚባል ሠርታ አታውቅም። ከፊቴ እየሄደች ወሬ ታወራለች!


ፊዚዮ ነኝ

አይግረምሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ያልፋል። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ከዚያ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት አቅሙ ከ10 በመቶ በላይ ሊወርድ ይችላል። እህትሽ ሰውነቷ ከፍታውን ለምዶታል፣ አንቺ ለእንግድነት መጥተሽ ነው። የሚመጣ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ፍጥነቱን ይቀንስ። በብረቱ በኩል ከባድ አንዴ ወይም ሁለቴ ማንሳት ብዙም አይቀየርም። 10 እና 12 ድግግሞሽ ላይ ግን ትንፋሽ ቀድሞ ያልቃል።

ለጀሞው ልጅ ደግሞ እዚህ መኖርህ ዕድል ነው። ከተማው ዳገት ነው። ዳገት መውጣት ከሩጫ ይልቅ ለጉልበት መገጣጠሚያ ይራራል፣ እግሩ መሬት ላይ አይደበድብም። ስኳት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ጡንቻውን እንደ ሩጫ አያደቅም። ቁልቁለቱን ግን ቀስ ብለህ ውረድ። በማግስቱ ጭንህን የሚይዝህ መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ ነው።


ጠዋት 12

እንጦጦ በጣም በጠዋት ብቻችሁን አትውጡ። ጅቡ ገና ከሥራ አልወጣም።


ጋሼ ሲልቨር ስፕሪንግ

እናንተ ልጆች፣ ለእኔ ቢጤም ቦታ ስጡ። 56 ዓመቴ ነው። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከ20 ዓመት በላይ ብረት ሠርቻለሁ፣ እንደ እናንተው «ካርዲዮ ለሯጭ ነው» ባይ ነበርኩ። ዓምና ለመደበኛ ምርመራ ስሄድ ደም ግፊቴ 150 በ94 ሆኖ ተገኘ። እኔ እኮ ክንዴን አይቼ ጤነኛ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። ልብ በክንድ አይታይም።

ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘልኝ፣ ከዚያ «በሳምንት 5 ቀን፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ» አለኝ። ስላይጎ ክሪክ የሚባል ወንዝ ዳር የእግር መንገድ አለ፣ እዚያ ነው የምሄደው። አሁን 128 በ82 ነው። መድኃኒቱ ነው እርምጃው እንዳትሉኝ፣ ሁለቱንም ስለምወስድ ለይቼ አላውቅም። ብረቱን አልተውኩም። ሐኪሙ የከለከለኝ ትንፋሽ አፍኖ መግፋትን ነው። አሁን ስገፋ አስወጣለሁ፣ ስመልስ አስገባለሁ። ክብደቱንም ቀነስ አድርጌያለሁ።


የጀሞው ልጅ

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥዎት። አባቴም ግፊት አለበት። ቅዳሜ እኔም እለካለሁ።


ፊዚዮ ነኝ

ጋሼ ያሉት ቁጥር የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ካወጣው ምክር ጋር ይገጥማል። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ። ከዚያ በተጨማሪ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ሥራ። «ወይም» የሚለው በካርዲዮው ዓይነት መካከል ነው። በካርዲዮና በብረት መካከል ያለው «በተጨማሪ» ነው።


ታባታ ብቻ

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ታባታ ሥሩ። 4 ደቂቃ ነው። 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ 8 ጊዜ። አለቀ። የ1 ሰዓት ሩጫ ያህል ነው።


ሶምሶማ

አንተ ታባታ የምትለው ምንድነው የምትሠራው?


ታባታ ብቻ

ፑሽ አፕ፣ ዝላይ፣ ፕላንክ (በክርን ተደግፎ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት)፣ እየቀያየርኩ።


ሶምሶማ

ፕላንክ እንኳ ታባታ አይሆንም ወዳጄ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢዙሚ ታባታ በ1996 ያሳተመው ጥናት ብስክሌት ላይ ነው የተሠራው። ሰዎቹ የሚገፉት ከፍተኛው የኦክስጅን አቅማቸው ከሚፈቅደው 170 በመቶ በሆነ ጉልበት ነበር። 7ኛው ወይም 8ኛው ዙር ላይ ፔዳሉ አልዞር ይላቸዋል። አጥብቆ መሥራት ጊዜ ይቆጥባል፣ እሱን አልክድም፣ እኔም ሐሙስ ሐሙስ እሠራለሁ። ግን 4 ደቂቃ ሠርቶ ፎጣ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ማኪያቶ መጠጣት ያ አይደለም።

እግር በሠራህ ማግስት እንዲህ ዓይነቱን መጨመር ደግሞ በእግርህ መፍረድ ነው። ለብረት ገፊ ዋናው ካርዲዮ ቀላሉ ነው። እየሄድክ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የምትችልበት ፍጥነት፣ መዝፈን ግን የማትችልበት። ሰዓትም ማሽንም አያስፈልገውም። ስልክ ደውለህ አውራ፣ ያኛው ሰው «ምን ሆነሃል?» ካለህ ፈጥነሃል ማለት ነው።


እማማ ስኳት

ቦርጭ ለማጥፋት ብሎ የሚመጣ ካለ ደግሞ ይህን ስሙ። 70 ኪሎ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ የሚያቃጥለው 350 ካሎሪ አካባቢ ነው። ሁለት ተኩል ጠርሙስ ቢራ። ባለቤቴ እሁድ ጠዋት ሮጦ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር የሮጠበትን መልሶ ይጠጣል። ከዚያ «ስፖርት ለውጥ አላመጣልኝም» ይላል።


ብረት ገፊ

ባልሽን ተዪው 😂

እሺ፣ አንድ ነገር ልመን። እኔ ያወራሁት ለውድድር መቀነስን ነው። አሁን ሳስበው በዚያ 10 ሳምንት እንቅልፌም 5 ሰዓት አይሞላም ነበር። ግን እናንተም አንድ ነገር እመኑ። ከብረት በፊት 40 ደቂቃ ሮጦ ስኳት የሚሠራ ሰው ስኳቱ ይበላሻል። በየቀኑ ጂም ውስጥ የማየው ነው። ላቡ እየተንጠባጠበ ባሩ ሥር ይገባል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ቅርጹ ሲፈርስ ወገብ ነው የሚሄደው።


ፊዚዮ ነኝ

በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከፊት የሚመጣው ዋናው ዓላማህ ነው። ዓላማህ ጉልበት ከሆነ ብረት ይቅደም። 5 ደቂቃ ማሟሟቂያ እርምጃ ይፈቀዳል፣ ያ ካርዲዮ አይደለም። የተሻለው በሌላ ቀን ማድረግ ነው። በአንድ ቀን ካስገደደህ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ አድርገው፣ ቢያንስ 6 ሰዓት ይራራቁ። እሱም ካልሆነ ብረቱን ጨርሰህ 20 ደቂቃ ዳገት ያለው ትሬድሚል። እጀታውን ሳትይዝ! 12 በመቶ ዳገት ላይ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ነው።


ጠዋት 12

መብራት እስካለ ድረስ ነው ትሬድሚሉ። አንዴ እየሮጥኩ ጠፍቶ አፍንጫዬን ልሰብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ገመድ ዝላይና መስቀል አደባባይ።


የሁዳዴ ሰው

ጥያቄ አለኝ። ጾም ላይ ካርዲዮ ላቁም? 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። ዓምና 4 ኪሎ ወረድኩ፣ ቤንቼም ወረደ። ጓደኞቼ ካርዲዮው ነው አሉኝ።


ሶምሶማ

እኔም እጾማለሁ። ያወረደህ ካርዲዮ አይመስለኝም። ከ9 ሰዓት በኋላ ምን ትበላለህ? ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ደግሞ ፓስታ በቲማቲም ከሆነ ጡንቻህ የሚሠራበት ነገር የለውም። ምስር ከመቀቀሉ በፊት 100 ግራሙ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ኦቾሎኒም እንደዚያው። ግን ሳህን ላይ የሚቀርበው ውሃ የጠጣ ምስር ነው፣ ፕሮቲኑ ከሲሶው ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ወጡን አብዛው፣ እንጀራውን ቀንሰው። ኦቾሎኒ ኪስህ ውስጥ ይኑር። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ እንዳትከፍቱት፣ ባለፈው ክሩ በዚያ ምክንያት ተዘግቷል።

ሰዓቱን በተመለከተ ብረቱን ከበላህ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማታ ሥራ። ካርዲዮውን ወደ እርምጃ አውርደው። ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ሰው በ7 ሰዓት ፀሐይ አይሮጥም። ሮመዳን ላይ ያሉ ጓደኞቼም ከአፍጥር በፊት ቀለል ያለ እርምጃ፣ ብረቱን ከአፍጥር በኋላ ነው የሚያደርጉት።


የጀሞው ልጅ

እሺ፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። የወሰንኩት ይኸው፦ ሰኞና ሐሙስ የላይኛው አካል፣ ማክሰኞና ዓርብ እግር። ረቡዕና ቅዳሜ 35 ደቂቃ ዳገት በእርምጃ፣ ከሥራ በእግሬ ነው የምመለሰው። ሰኞ ብረት ጨርሼ 15 ደቂቃ ብስክሌት። እሁድ እንቅልፍ። ምግብ አልቀንስም። በየሳምንቱ ስኳቴን እመዘግባለሁ፣ ከወረደ ተመልሼ ብረት ገፊን ይቅርታ እጠይቃለሁ።


ብረት ገፊ

ይቅርታውን ከወዲሁ ተቀብያለሁ።


የጀሞው ልጅ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

መጣሁ። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት መጥፎ ነበር፣ አልዋሽም። ዓርብ ስኳት ስሠራ እግሬ ገና ከረቡዕ ዳገት አልተመለሰም። 120 ሁለቴ ብቻ ተነሳልኝ፣ በፊት አራቴ ነበር። ልተወው ነበር። ከዚያ የረቡዑን ወደ 25 ደቂቃ ቀነስኩት። በ3ኛው ሳምንት ተመለሰ። አሁን 120 አምስቴ።

ግፊቴን ለካሁ፣ 122 በ78። አባቴንም ይዤው ሄጄ ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነው የምንሄደው። ፍጥነቴን ቀንሷል፣ ግን ወሬው ጥሩ ነው።


ፊዚዮ ነኝ

መጀመሪያ መውረዱ የሚጠበቅ ነው፣ አዲስ ሥራ ስለተጨመረ ድካም ነው። መቀነስህ ደግሞ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ብዙ ሰው እዚያ ቦታ ላይ «በላኝ» ብሎ ያቆማል።


እማማ ስኳት

አባትህን ዳምቤል አስይዛቸው፣ በእርምጃ ብቻ እንዳትተዋቸው። በእኛ የደረሰ በእሳቸው እንዳይደርስ።


የጀሞው ልጅ (ከ11 ሳምንት በኋላ)

ስኳት 125። በዙሮች መሀል እረፍቴ ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ወርዷል። ጂም የምቆየው ጊዜ በ20 ደቂቃ አጥሯል። ክብደቴ 80.5 ነው። ክንዴን ለካሁት፣ እዚያው ነው። ብረት ገፊ፣ አዝናለሁ።

ትናንት ውሃ ጠፋ። ሁለት ጀሪካን ይዤ ተነሳሁ። 3ኛ ፎቅ ላይ ቆምኩ።


ብረት ገፊ

😂😂😂 ምን አልኩ!


የጀሞው ልጅ

ቆይ፣ ልጨርስ። ትንፋሼ ደህና ነበር፣ እያወራሁ ነው የወጣሁት። ጣቶቼ ናቸው የከዱኝ። የጀሪካኑ እጀታ ቆረጠኝ፣ መያዝ አቃተኝ። ጎረቤታችን እንደገና ከኋላዬ መጡ። ጀሪካኑን በነጠላቸው አስረው እንዴት በጀርባ እንደሚታዘል አሳዩኝ። ሁለተኛውን ዙር እንደዚያ ወጣሁ፣ አንድ ቦታ አላረፍኩም።


ብረት ገፊ

የመዳፍ ጉልበት ነው የጎደለህ። ዴድሊፍት ላይ ባሩን ከእጅ ጋር የሚይዘውን ማሰሪያ ትጠቀማለህ አይደል?


የጀሞው ልጅ

ከ100 ኪሎ ጀምሮ።


ብረት ገፊ

በቃ። ነገ ማሰሪያውን ቤት ተወው። ሌላ ክር ክፈትና እነግርሃለሁ፣ በዚህኛው የካርዲዮ ሰው እያስመሰላችሁኝ ነው።